ስድስተኛው ሠራተኛ

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላቸው በወረቀት ተፈትነው አያውቁም ነበር። እሳቸው የተማሩት በጆሮ ነው። መምህራቸው ፊት ተቀምጠው የተባሉትን መልሰው እያሉ፣ ሲስቱ በመቋሚያ ጫፍ ጎናቸውን እየተነኩ፣ ድጓውንም ቅኔውንም ባሕረ ሐሳቡንም እንዲህ አድርገው ተወጡት። አሁን በተራቸው ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ አፋፍ ካለች ደብር አጥር ሥር አሥራ አንድ ተማሪ ሰብስበው ዜማ ያስተምራሉ። ለዚህ የሚከፍላቸው የለም። የሚከፈላቸው የደብሩ ጸሐፊ ስለሆኑ ነው፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት ይጽፋሉ፣ ለደብዳቤ መልስ ይሰጣሉ፣ ማኅተም ይመታሉ።

ችግሩ የመጣው በማኅተሙ በኩል ነው። በመስከረም መጨረሻ ከሀገረ ስብከቱ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ራሳቸው ተቀበሉት፣ ራሳቸው መዝገብ ላይ አሰፈሩት፣ ራሳቸው «ገቢ» የሚለውን ማኅተም መትተው ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአባ ወልደ ጻድቅ አቀረቡት። ደብዳቤው በአጭሩ፣ የደብር ጸሐፊ የሆነ ሁሉ በሥራ አመራር ዲፕሎማ ያቅርብ፣ ዲፕሎማ የሌለው እስከ ጥቅምት ሠላሳ ትምህርት መጀመሩን የሚያስረዳ ወረቀት ያምጣ፣ ይህን ያላደረገ ቦታውን ይለቃል ይላል።

አባ ወልደ ጻድቅ ሁለት ጊዜ አነበቡትና ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩ።

«ይህ ማንን ነው የሚመለከት?»

«እኔን ነው አባታችን።»

«መልሱን የሚጽፈውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው በጥሩ ቃል ይጻፉት» አሉና ወደ ሌላው ወረቀት ዞሩ።

ለመማር ሁለት መንገድ ነበረ፤ አንዱ የማታ፣ ሌላው የርቀት። የማታው ክፍል ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ሰዓት ደግሞ ተማሪዎቹ ቁራሻቸውን ለምነው የሚመለሱበት፣ ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጠው ዜማ የሚቀጽሉበት ሰዓት ነው። መሪጌታ ማታ ከተማሩ ጉባኤው ይበተናል። ካልተማሩ ደመወዙ ይቀራል፤ ደመወዙ ከቀረ መሪጌታ ወደ ተወለዱበት ወደ መሸንቲ ሄደው የወንድማቸውን እርሻ ከማገዝ ሌላ ምርጫ የላቸውም፣ ጉባኤው ያን ጊዜም ይበተናል። ስለዚህ የቀረው የርቀቱ ነበረ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ይስማማቸዋል ወይ?

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ልጃቸው ትንቢት የርቀት ትምህርት ምን እንደሆነ ስታስረዳቸው እንዲህ ነበር ያለችው።

«በጣም ቀላል ነው አባዬ። ሞጁል የሚባል መጽሐፍ ይሰጥዎታል፣ ቤትዎ ሆነው ያነቡታል፣ ቀኑ ሲደርስ ሄደው ይፈተናሉ።»

«መምህሩስ?»

«መምህር የለውም።»

«ስሳሳት ማን ያርመኛል?»

«ማንም።»

«ይህማ ያለ ቄስ ክርስትና እንደ ማንሳት ነው» አሉ መሪጌታ። ቢሆንም በማግሥቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጥምጥማቸውን አጥብቀው በባጃጅ የርቀቱ ኮሌጅ ወዳለበት ወደ ፋሲሎ ሰፈር ሄዱ።

ኮሌጁ ስልክ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ያለ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የርቀት ክፍሉ አስተባባሪ ፀሐይወርቅ ትባላለች፤ ባሏ ፋብሪካ ሲቀጠር ከአዳማ አብራው የመጣች፣ ፈገግታዋ ፈጣን የሆነ ሴት ናት። አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። በወረቀቱ ራስ ላይ «የርቀት ትምህርት ለእርስዎ ይስማማል? ራስዎን ይመዝኑ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ሃያ ጥያቄ አለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ከሃያው አሥር ያገኘ በርቀት ይመዘገባል፤ ከአሥር በታች ያገኘ የማታውን እንዲማር ይመከራል። ምክሩ ግን ምክር ብቻ አይደለም፤ አሥር ያልሞላ ሰው ስም ኮምፒውተሩ አይቀበልም።

ፀሐይወርቅ በስድስት ዓመት ሥራዋ ከአሥራ ሰባት በታች ያገኘ ሰው አይታ አታውቅም። ሰው ሁሉ አዎ፣ አዎ፣ አዎ እያለ ይወርዳል፣ ይፈርማል፣ ሞጁሉን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ግማሹን ከዚያ በኋላ አታየውም።

መሪጌታ ግን ያደጉት በሌላ ወግ ነው። በእሳቸው አገር የተማረ ሰው «ታውቃለህ?» ሲባል «ምን አውቄ» ይላል። «ትችላለህ?» ሲባል «እኔ ደካማው» ይላል። አውቃለሁ ያለ ሰው አለማወቁን በዚያው መሰከረ። ይህ ትሕትና ለመምሰል የሚባል አይደለም፤ እንደ ሰላምታ ነው፣ ከአፍ የሚወጣው ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ መሪጌታ እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ በዚያ በሚያምረው የቁም ጽሕፈታቸው፣ ጥያቄውን ሁሉ እንደ ወጉ መለሱ።

ፀሐይወርቅ ስታነብ ፈገግታዋ በየመስመሩ እየቀነሰ ሄደ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲሞሉት አሞዎት ነበር?»

«ደኅና ነበርሁ።»

«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ ወይ ለሚለው 'በመጠኑ' ብለዋል።»

«አዎን።»

«ጊዜዎን በአግባቡ ይጠቀማሉ ለሚለው 'ዘመኔን በከንቱ ፈጀሁት'።»

«እንዲያው ነው።»

«ያለ ሰው ግፊት ያጠናሉ ለሚለው 'ሥጋ ደካማ ናት'። የመጨረሻ ግብዎ ምንድን ነው ለሚለው ደግሞ…» ወረቀቱን አቀረበችው፤ «'መቃብር'።»

«ሌላ አለ እንዴ?»

«ዲፕሎማ የሚሉት ነበራ።»

«እሱማ መንገድ ላይ ያለ ነው።»

ፀሐይወርቅ ደመረች። ከሃያው አንድ ብቻ አገኙ፤ እሷም አንዷ «በመጠኑ» የምትለዋ ናት። ሰባት ወይም ስምንት ቢሆን ዓይኗን ጨፍና ታልፈው ነበር፤ አንድን ግን በምን ዓይን ትጨፍነዋለች? ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሞጁል አወጣችላቸው። ልባሱ ላይ «መሠረታዊ ስታትስቲክስ ለሥራ አመራር፤ አዘጋጅ አስናቀ አካሉ» ይላል።

«ይሄን ይውሰዱ። ምዕራፍ አንድን ቤትዎ ይሞክሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥተው ፎርሙን እንደገና ይሙሉ። ያኔ አሥር ከሞላ እመዘግብዎታለሁ፤ ካልሞላ ግን የማታ ነው፣ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።»

ትንቢት ይህን ስትሰማ ሆቴል ውስጥ የተማረችውን ሳቋን ትታ የመሸንቲውን ሳቀች።

«አባዬ፣ ሁሉንም አዎ ብለው ይሙሉት በቃ።»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸት አይደለም፤ ፎርም ነው።»

«በፎርም ሲሆን ይዋሻል?»

«ሌላ ምን ይደረግበታል?»

«አንቺ ስትሞዪ ስንት አገኘሽ?»

«ሃያ።»

«ዲፕሎማሽስ የታለ?»

ትንቢት ሳታስበው ወደ ማቀዝቀዣው አየች። ማቀዝቀዣው አንድ እግሩ ከተሰበረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በእግሩ ፈንታ ሞጁል አንድና ሞጁል ሁለት ገብተውለታል። ወለሉ ላይ እኩል ቆሟል፤ ሞጁሎቹ ለአንድ ነገር ጠቅመዋል ማለት ነው።

መሪጌታ ንባቡን ጀመሩ። መጀመሪያ ትንቢት እንደ መከረቻቸው በዝምታ፣ ከንፈር ሳይንቀሳቀስ ሞከሩ። አፍ ዘግቶ ማንበብ አፍ ዘግቶ እንደ መብላት ሆነባቸው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግሥቱ ማለዳ ወጥተው ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡና በሚያውቁት መንገድ ሄዱበት፤ በዜማ። ቀስ ብለው፣ እየተወዛወዙ፣ አንዱን ገጽ ሳይዙ ወደ ሁለተኛው ሳይሻገሩ። «ምዕራፍ አንድ። የምዕራፉ ዓላማ። ይህን ምዕራፍ ካጠናቀቁ በኋላ የአማካይን ትርጉም ያስረዳሉ» አሉ። ከልባሱ ጀምረው የያዙ ስለሆነ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥርም ያዙት። «ይህ ገጽ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የሐዘን ነገር ያለበት መስሏቸው።

ከተማሪዎቻቸው ትልቁ፣ ፂም ያወጣው ዲያቆን ፍሬ ስብሐት፣ ከኋላ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ ጠጋ አለ።

«የኔታ፣ ይህ ከየትኛው መጽሐፍ ነው?»

«ስታትስቲክስ ነው።»

«በዕዝል ዜማ ቢሆን አያምርም?»

«እስቲ ነገ እናያለን» አሉ መሪጌታ፤ እሳቸውም አስበውበት ነበር።

በስድስት ቀን ሃያ ሁለት ገጽ ወጣ። ይስማማኛል ማለት ነው ብለው ማሰብ ጀምረው ሳለ ሃያ ሦስተኛው ገጽ መጣ።

ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ምሳሌ አለ። አምስት ሠራተኞች ያሉት አንድ ድርጅት ነው። ሠራተኞቹ በዓመት ውስጥ ከሥራ የቀሩበት ቀን ተዘርዝሯል፤ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ድምሩ ሠላሳ ነው። ከዚያ መጽሐፉ «ስለዚህ አማካዩ አምስት ነው» ይላል።

መሪጌታ የሺህ ዓመት ፋሲካ በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ሠላሳ ለአምስት ሲካፈል ስድስት መሆኑን ለማወቅ አንጓም አላስፈለጋቸውም። ግን መጽሐፉ አምስት ብሏል። መጽሐፍ ደግሞ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው አንባቢ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለተማሪ ሲሉት የኖሩት ይህንኑ ነው። አምስት እንዲሆን ሠላሳው ለስድስት መካፈል አለበት። ስለዚህ አንድ ያልተጻፈ ሠራተኛ አለ።

ስድስተኛው ሠራተኛ ማን ነው?

መሪጌታ እንደ አባቶቻቸው ጥቅሱን ወደ ትርጓሜ ወሰዱት። ፍሬ ስብሐትን ጠርተው አስቀመጡና፣ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ተረጎሙለት።

«ስድስተኛው ዘበኛው ነው፤ ሌሊት ስለሚሠራ በቀን ሲቆጠር አልተገኘም። አንድም፣ ስድስተኛው ከሥራ ቀርቶ የማያውቅ ትጉህ ነው፤ መቅረቱ ባዶ ስለሆነ ሳይጻፍ ቀረ። አንድም፣ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የሥራ አስኪያጅ መቅረት አይጻፍም።»

ፍሬ ስብሐት ራሱን ነቀነቀ። «የኋለኛው ደስ ይላል የኔታ።»

«ደስ ይላል። ግን እውነቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የጻፈው ብቻ ነው።»

አራት ቀን አንድ ገጽ አልተገላበጠም። ገጹን ዘለው እንዳይሄዱ ሳይገባቸው የዘለሉት ገጽ የለም፤ እንዲገባቸው የሚጠይቁት መምህር የለም። መሪጌታ በመጨረሻ የፈሩትን ለራሳቸው ተናገሩ፤ ይህ ትምህርት አይስማማኝም። ከወንበር ሥር ያልተቀመጥሁበት ነገር አይገባኝም። የማታውን ልመዝገብና ተማሪዎቹን በየአድባራቱ ላከፋፍላቸው። ፍሬ ስብሐትን ለማን እንደሚሰጡት እንኳ አሰቡ፤ ሦስት መምህር ቆጥረው ሦስቱንም አልወደዷቸውም።

ግን ከዚያ በፊት አንድ የሚያውቁት ነገር ቀርቷቸው ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ያልገባቸው ነገር ሲኖር ስንቅ ቋጥረው የሚያውቀው ሰው ዘንድ ይሄዱ ነበር። አንድ የዜማ ምልክት ለመጠየቅ ሁለት ቀን በእግራቸው ሄደዋል። የዚህ መጽሐፍ ባለቤት ስሙ ልባሱ ላይ ተጽፏል። በሕይወት ካለ አንድ ቦታ ይኖራል።

ኮሌጁ ቢጠየቅ ሰውየው የት እንዳለ አያውቅም። ትንቢት ፌስቡክ ላይ ፈልጋ አርባ አስናቀ አገኘች፤ አንዱ እንኳ ስታትስቲክስ የሚያውቅ አይመስልም። መሪጌታ ለሦስት ደብር ጸሐፊዎች ስልክ ደወሉ። በምሳ ሰዓት መልሱ መጣ፦ አስናቀ አካሉ፣ ድሮ መምህር የነበረ፣ አሁን ማክሰኝት ከተማ ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል፣ ሚስቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ናት፣ ዕለቱን ሱቁ ውስጥ አለ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞታል።

ማክሰኞ ማለዳ፣ መንገዱ ደኅና ነው በተባለበት ቀን፣ መሪጌታ ሦስት ኪሎ ማንጎ በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ለመምህር ባዶ እጅ አይኬድም።

አስናቀ አካሉ አርባ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው። ሱቁ በር ላይ አንድ ጥምጥም ያደረጉ ትልቅ ሰው ቆመው፣ ሳይገቡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ አየ።

«ይግቡ አባቴ። ስንት ኪሎ ልስጥዎት?»

«ምን?»

«ሚስማር።»

«ለሚስማር አልመጣሁም መምህር። ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ተቸግሬ ነው።»

መሪጌታ ሞጁሉን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። አስናቀ ልባሱን አየ፣ ስሙን አየ፣ ገለበጠው፣ መልሶ ስሙን አየ።

«ይህ ነገር አሁንም አለ እንዴ?»

«ልባሱ እንደሚለው አሥራ አራት ዓመቱ ነው።»

«ከየት ነው የመጡ?»

«ከባሕር ዳር።»

«ለዚሁ?»

«ለዚሁ ነው። ማንጎም አለ።»

አስናቀ ወንበር አወጣላቸው፤ መሪጌታ ግን ከወንበሩ ይልቅ ሚስማር ያለበት ጣሳ ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ፤ ከመምህር በላይ አይቀመጡም። ከዚያ ችግራቸውን ዘረዘሩ። ገጹን ሳያዩ በቃላቸው አሉት፣ ዘበኛውን ተረጎሙ፣ አንድም አሉና ትጉሁን ተረጎሙ፣ አንድም አሉና ሥራ አስኪያጁን ተረጎሙ። መሐል ላይ አንድ ገበሬ የቆርቆሮ ዋጋ ሊጠይቅ ገብቶ ነበር፤ ሳይጠይቅ ቆሞ ሰማ።

«እኔ ዘበኛው ይመስለኛል» አለ ገበሬው።

አስናቀ ጠመኔ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ከተደገፈው ቆርቆሮ ላይ አምስቱን ቁጥር ጻፈ፣ ደመረ፣ አካፈለ። የወጣውን አየው። እንደገና አካፈለ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

መሪጌታ ደንግጠው ወደ በሩ አዩ፤ ስለ አስናቀ ብለው ሌላ ሰው እንዳይሰማ። በዕድሜያቸው ስንት መምህር ሥር ተቀምጠዋል፤ ይህን ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልሰሙትም።

«እንዲህ አይበሉ መምህር። ምሥጢር ይኖረዋል።»

«ምሥጢር የለውም። ለአምስት ማካፈል ሲገባኝ ለስድስት አካፈልሁ። ያን ሳምንት ሠርጌ ነበር።»

«ስድስተኛው ሠራተኛስ?»

«የለም።»

ገበሬው ከመሪጌታ የበለጠ ያዘነ መሰለ።

«ቆይ ግን» አለ አስናቀ፤ «እርስዎ መጀመሪያ ሲያዩት ስንት ነበር ያሉት?»

«ስድስት።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ መልሱን ይዘውት ነው እዚህ የመጡት።»

«መጽሐፉ አምስት አለ።»

«መጽሐፉ እኮ እኔ ነኝ» አለና አፍንጫውን በፎጣው ጠረገ። «መሪጌታ፣ እውነት ልንገርዎት። ባነበቡት ቁጥር ጸሐፊውን ፍለጋ የሚሄዱ ከሆነ ይህ ትምህርት አይስማማዎትም። ቀጣዩን ሞጁል የጻፈው ሰውዬ ጅማ ነው ያለው። ያዩትን አይቻለሁ ማለት ከቻሉ ግን ከእርስዎ በላይ የሚስማማው ሰው የለም። ይህን መጽሐፍ ስንት ሺህ ሰው ወሰደው። ገጽ ሃያ ሦስት የደረሰ ግን እስካሁን አንድ እርስዎን ነው ያየሁ።»

መሪጌታ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ እርማቱን በገዛ እጁ እንዲጽፍላቸው። አስናቀ በገጹ ዳርቻ «ስድስት ነው። ስህተቱ የኔ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። መሪጌታ ከልማድ የተነሣ ማኅተም ቢኖር ብለው ነበር፤ አልጠየቁም።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ጎናቸው የተቀመጠው ሰው አዲስ የቴሌቪዥን ሣጥን አቅፎ ወረታ ሳይደርሱ ተኝቷል። መሪጌታ ገጽ ሃያ አራትን ከፈቱ። እዚያ መልስ የሌለው ጥያቄ አለ፤ ሥሩ «ራስዎ ይሥሩት» ይላል። የሁለት ክፍል ሠራተኞች ከሥራ የቀሩበት ቀን ነው፤ የአንዱ ክፍል ሠራተኞች አራት፣ አማካያቸው ዘጠኝ፤ የሌላው ስድስት፣ አማካያቸው አራት፤ የሁሉም አማካይ ስንት ነው? መሪጌታ መጀመሪያ ዘጠኝንና አራትን ደምረው ለሁለት አካፈሉ። ስድስት ተኩል መጣ። ደስ አላላቸውም። አራቱ ሰዎች እንዴት ከስድስቱ ጋር እኩል ይመዝናሉ? አውቶቡሱ ሐሙሲት ሊደርስ ሲል፣ መስኮቱን እያዩ፣ አንጓ እየቆጠሩ፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሃያ አራት፣ ስድሳ፣ ለአሥር ሰው። ስድስት። መልሰው ከታች ወደ ላይ ሄዱበት፤ ስድስት።

ዙሪያቸውን አዩ። የሚነግሩት ሰው አልነበረም። ባለ ሣጥኑ እንደተኛ ነው። ትክክል መሆኑን የሚያውቅ በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም እሳቸው ናቸው። ነገሩ ትንሽ የሚያሳፍር፣ ትንሽ ደግሞ የሚጣፍጥ ነበረ።

በማግሥቱ ፋሲሎ ሄደው ለፀሐይወርቅ መጀመሪያ ያሳዩዋት ገጽ ሃያ ሦስትን ነው። እርማቱን አነበበች፣ ፊርማውን አየች፣ በስልኳ ማስሊያ አካፈለች።

«ይሄ ጥያቄ እኮ በየዓመቱ ፈተና ላይ ይወጣል» አለች በቀስታ።

«መልሱስ ምን ተብሎ ይታረማል?»

«አምስት።»

«ስንት ሰው ያገኘዋል?»

«ሁሉም ያገኙታል። ነጥብ ማንሻ ነው የምንለው።» ስልኩን አስቀመጠች። «እርስዎ ቢፈተኑ ምን ይላሉ?»

«ስድስት።»

«እንዲህ ካሉ ስህተት ተብሎ ይታረምብዎታል።»

«እንግዲያው እስከዚያው አስተካክሉታ» አሉ መሪጌታ። ሲሉት ድምፁ የእሳቸው መሆኑን ተጠራጥረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ፎርሙን እንደገና ሞሉት። አሁን እንደ ወጉ ሳይሆን እንደ ነገሩ ነው የጻፉት። ማንበብና መጻፍ፣ እችላለሁ። ጊዜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ተኩል አለኝ። ኮምፒውተር፣ የለኝም። እንግሊዝኛ፣ የለኝም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ የለኝም። ያነበቡትን ያስታውሳሉ፣ ከልባሱ ጀምሮ። ግብ፣ ዲፕሎማ። ፀሐይወርቅ ደመረች። ዘጠኝ መጣ።

ሁለተኛ ደመረች። ዘጠኝ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ጥቅምት ሃያ ስምንትን ያሳያል።

«አሥራ ሰባተኛውን ባዶ ትተውታል» አለች። «'ያልገባዎትን ነገር ያለ ሰው እርዳታ ፈትተው ያውቃሉ?' አዎ ወይስ አይደለም?»

መሪጌታ ያን መስመር ሳያዩት ቀርተው አልነበረም። አራት ጊዜ እስክሪብቶውን አስጠግተውበት አራት ጊዜ አንሥተዋል። አዎ ማለት ራስን ማመስገን ነው። አይደለም ማለት ደግሞ፣ ከትናንት ወዲህ፣ ውሸት ሆኗል። በመስኮቱ ወደ ታች፣ የባጃጆቹን ሰልፍ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታየውን የሐይቁን ቁራጭ አዩ። ታች ስልክ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከነጋዴው ጋር በዋጋ ይከራከራል።

«ትናንት» አሉ በመጨረሻ። «ሐሙሲት ልንደርስ ስንል።»

«ይሄ አዎ ማለት ነው?»

«ሐሙሲት ልንደርስ ስንል ነው» አሉ መሪጌታ። ከዚህ በላይ አልሄዱም።

ፀሐይወርቅ መስመሩ ላይ ያሉትን እንዳሉት ጻፈችው፤ ከጎኑ አንድ ነጥብ ሰጠች። ኮምፒውተሩ ስማቸውን ተቀበለ።

ወደ ደብሩ ሲመለሱ አሥራ አንዱም ተማሪዎች አጥሩ ሥር ቆመው ነበር። ዕቃቸውን የቋጠሩ ሁለት ነበሩ። መሪጌታ የምዝገባውን ወረቀት ለፍሬ ስብሐት ሰጡትና ጮክ ብሎ አነበበው፤ ማንም አላጨበጨበም፣ የቋጠሩት ሁለቱ ግን ቋጠሯቸውን ፈቱ።

«እንግዲህ አንድ ነገር አለ» አሉ መሪጌታ። «ከነገ ጀምሮ ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል ለብቻዬ መሆን እፈልጋለሁ። አንድም ሰው አጠገቤ እንዳይኖር።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከየኔታ አፍ ይህን ሰምተው አያውቁም። ጉባኤ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሆን የታመመ ነው፤ የታመመም እንኳ አስታማሚ አለው። ለጥቂት ጊዜ ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ ፍሬ ስብሐት ስለ ሁሉም ሆኖ «ይሁን የኔታ፤ እኛ እናደርገዋለን» አለ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ገጽ ሃያ አምስትን ገለጡ። ቀና ሲሉ አሥራ አንዱም ተማሪዎች በዙሪያቸው ክብ ሠርተው፣ ጀርባቸውን ወደ እሳቸው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንም አይናገርም። አንዲት ዓሣ የምትሸጥ ሴት መንገዷን በአቋራጭ ልታደርግ ስትጠጋ ፍሬ ስብሐት እጁን ዘረጋ።

«በዚህ አይታለፍም እናቴ። የኔታ ብቻቸውን ናቸው።»

ሴትዮዋ አሥራ ሁለቱንም ቆጠረች፤ ዞራ ሄደች። መሪጌታ ገጹን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን አፍነው፣ ማንበብ ጀመሩ።